የጠንቋዩ ሰንበት

ከሁሉ በፊት የሚናገረው ማን እንደሆነ ይታወቅ። እኔ ትምህርት ቤት በተማሪነት ገብቼ አላውቅም። የአማርኛ ፊደል የለየሁት ጎንደር ገጠር ውስጥ፣ በአባቴ የብረት መቀጥቀጫ ጎጆ፣ ድንጋይ ላይ በከሰል እየጻፍኩ ነው። ዕብራይስጥ ማንበብ የተማርኩት ደግሞ እስራኤል አገር አፉላ ከተማ ከገባሁ በኋላ ከአውቶቡስ ግንባርና ከወተት ካርቶን ላይ ነው። ለአዲስ ገቢዎች ቋንቋ የምታስተምረው መምህርት ገና ፊደል ስታስቆጥር እኔ የጋዜጣውን ርዕስ አነብላት ነበር። ሠላሳ ዓመት ገደማ ብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራሁ፤ እዚያ ያለውን ማሽን ሁሉ ያለ አሠልጣኝ ለመድኩት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር በምንኖርበት ሕንጻ ጣሪያ ላይ ያሉትን የፀሐይ ውኃ ማሞቂያዎች፣ እዚህ ዱድ የምንላቸውን፣ አሥራ ሁለቱንም በየተራ ጠግኛለሁ። አንድ ጊዜ ከሃይፋ የመጣ ባለሙያ ብየዳዬን አይቶ «ይህን የሠራው መሐንዲስ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነው አልኩት።

ይህን የማወራው ለመኩራት ነው፤ ግን ለመኩራት ብቻ አይደለም። ቀጥዬ በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ጠንቋይ ሆኜ ስለመራሁት ዘመቻ ስለምናገር፣ ነገሩን የያዘው ሥራ የሚችል ሰው መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን አሞኝ ልጄ አልማዝ ቅባት ገዝታ አመጣችልኝ። ክዳኑን ስከፍተው የካምፎርና የናና ሽታው አፍንጫዬን መታኝ፤ ያ ክረምት ሙሉውን ተመልሶ መጣ። የማሞቂያው ቀይ ሽቦ፣ ማሞቂያው ላይ የሚደርቀው የብርቱካን ልጣጭ፣ መስኮቱን የሚደበድበው ዝናብ፣ ከታች ሜዳው ላይ የባቡር ሐዲድ የሚሠሩት ሰዎች ቢጫ ልብስ። ብዙ ሰው ልጅነቱን አንድ ጊዜ ያሳልፋል። እኔ ሁለት ጊዜ አሳልፌያለሁ። የመጀመሪያው የአባቴን ወናፍ ስነፋ አለቀ፤ ጨዋታ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ሁለተኛው የመጣልኝ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ያሳደገችኝም ኦርሊ ናት፣ የአልማዝ ልጅ፣ ያኔ የአሥር ዓመት።

ኦርሊ በዚያው መኸር ከትምህርት ቤቷ አጥር ላይ ዘላ ስትወርድ ወደቀች። ከጉልበቷ በላይ ያለው አጥንት ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ሲፈታ እግሯ እንደ ሸምበቆ ቀጥኗል፤ ጉልበቷም አይታጠፍም። ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አየና፣

«አጥንቱ ድኗል። የደረቀው ጉልበቱ ነው» አለን። «አሁን የሚታጠፈው አርባ ዲግሪ ነው። በየቀኑ ታሠሩታላችሁ። እስከ ፑሪም ዘጠና ካልደረሰ ኒቱዋህ እናደርጋለን።»

ኒቱዋህ ቀዶ ሕክምና ማለት ነው። ኦርሊ ቃሉን ስትሰማ እጄን ያዘች፤ እስክንወጣ አለቀቀችውም። በክረምቱ መግቢያ የሚውለው የሐኑካ በዓል አልፎ ነበር። በክረምቱ ማብቂያ እስከሚውለው የፑሪም በዓል ሁለት ወር ተኩል ቀርቶናል።

አልማዝ መሀል ከተማ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። ጠዋት በአውቶቡስ ወርዳ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ ቤት የምንውለው እኔና ኦርሊ ነን። ለሐኪም ቀጠሮ ከሦስተኛ ፎቅ ቤታችን አርባ ሁለቱን ደረጃ በጀርባዬ አዝዬ አወርዳታለሁ፣ አዝዬ አወጣታለሁ። አንድም ቀን መሀል ላይ አላረፍኩም። ማሠራቱ ግን አቃተኝ። ቅባቱን አሽቼ «በይ እጠፊው» ስላት ትጮኻለች። የምትጮኸውም በዕብራይስጥ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲገባው።

«ያመኛል፣ ሳባ! ተወኝ!»

ሳባ አያት ማለት ነው። አንተ ትለኛለች፤ አንቱ ማለትን ያስተማራት የለም። እኔም አላስገድድም። አባቴ ብረት እንኳ ሲቀጠቅጥ ሳይግል አይመታም ነበር።

እግሯን ወንበር ላይ ዘርግታ የምትውለው ኮምፒውተር ፊት ነው። ጦር እየሰበሰቡ፣ ከተማ እየሠሩ፣ በካርታ ላይ የሚዘምቱበት ጨዋታ ነው። ፈረሰኞች አሉ፣ የጫካ ሰዎች አሉ፣ በረዶ ተራራ ላይ የሚኖሩ ጠንቋዮችም አሉ። ኦርሊ የፈረሰኞቹን ዘመቻ ጨርሳ የጠንቋዮቹ አራተኛ ግዳጅ ላይ ደርሳ ቆማለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ ጠንቋይ ተማሪው ተማርኮበታል። በስምንት ሳምንት ውስጥ ጠላት ከተማ ደርሶ ካላስለቀቀው ልጁ ድንጋይ ይሆናል፤ ግዳጁም ይከሽፋል። ኦርሊ አራት ጊዜ ሞክራ አራት ጊዜ ተሸነፈች። በአራተኛው ማውሱን ወረወረችው።

ማውሱን ከሶፋው ሥር አወጣሁና «እስቲ ልሞክረው» አልኳት።

«አንተ? ጨዋታው እኮ በእንግሊዝኛ ነው።»

«ዱዱም ላይ የተጻፈው በጣልያንኛ ነበር።»

ትንሽ ሳቀች። «እሺ ተቀመጥ። በቃ አንተ ጠንቋይ ነህ።»

እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። በሀገራችን አባቴ ብረት ስለሚሠራ ጎረቤቶቻችን ቡዳ ይሉን እንደነበር ነገርኳት። ቀን ማረሻቸውን አሠርተው ይወስዳሉ፤ ልጆቻቸውን ግን ከዓይናችን ይሸሽጋሉ። ጠንቋዮች ናችሁ፣ ሲጨልም ጅብ ትሆናላችሁ ይሉን ነበር። «ይህን ስም እዚያ ጥዬው መጣሁ። አሁን በገዛ እጄ ላነሳው ነው?»

ዓይኗን አፍጥጣ ሰማችኝ። ከዚያ በጣም በቁም ነገር፣

«ሳባ» አለች፣ «እና ጅብ መሆን ትችል ነበር?»

«አልችልም።»

«ሞክረህ ታውቃለህ?»

አልሞከርኩም ነበር። ሰው ሃምሳ ዓመት የተሸከመውን ነገር አንዲት ልጅ እንደዚህ ስትጠይቀው ከሳቅ ሌላ ምን ያደርጋል። ማውሱን ያዝኩ።

በመጀመሪያው ቀን የሠራሁትን ስሕተት መናገር አያሳፍረኝም፤ ማንም አስተዋይ ሰው ይሠራዋል። በየወታደሩ እግር ሥር ቁጥር ተጽፏል። እኔ ዕድሜው መሰለኝ። በዚህ ሀገር ልጅ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሠራዊት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ አሥራ ስምንት የተጻፈበትን ቀስተኛ አዘመትኩ፣ ሃያ አራቱን አዘመትኩ፣ ሰባት የተጻፈበትን ግን ከተማ አስቀረሁት።

«ሳባ፣ ምርጡን ለምን ተውከው?»

«የሰባት ዓመት ልጅ ጦር ሜዳ አልሰድም።»

ኦርሊ ወደ ስክሪኑ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ እንደገና ወደ ስክሪኑ አየች። «ጺም አለው እኮ!»

«አይቼዋለሁ። የጠንቋይ አገር ነው ብዬ ተውኩት።»

ያን ቀን ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከወደቀች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማሁም። ቁጥሩ ዕድሜ ሳይሆን ብዛት እንደሆነ፣ ሰባት ሰው ሆነው ሳለ እንደ አንድ ሰው እንደሚሳሉ እንባዋን እየጠረገች አስረዳችኝ። ሰባቱን ለየብቻ አለመሳላቸው ስንፍና ነው አልኳት። እስካሁንም እንደዚያው አስባለሁ።

ስክሪኑ ጥግ ላይ የአሸዋ ሰዓት አለ። እሱ ሲጫን የዘመቻው አንድ ቀን ያልፋል፣ ነገ ይሆናል። የሽማግሌው ጠንቋይ ፈረስ በቀን ይህን ያህል እርምጃ ተብሎ ተወስኖለታል፤ እርምጃው ሲያልቅ ሰዓቱን ሳይጫኑ ንቅንቅ የለም። ሰዓቱ ደግሞ በእጄ ነው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እንዲህ አልኳት፦

«ሽማግሌው ደክሞታል። አሥር ጊዜ ጉልበትሽን ካጠፍሽ ነገ ይነጋለታል። ካላጠፍሽ እዚያው በረዶ ላይ ያድራል።»

«ይህ ግፍ ነው።»

«ነው።»

ተማሪው ድንጋይ ከመሆኑ በፊት ምን እንደሚሆን ማየት ትፈልጋለች። ጥርሷን ነክሳ አጠፈች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በአማርኛ ነበር የማስቆጥራት። አሥር ስትደርስ ሰዓቱን ተጫንኩ። መለከት ተነፋ፣ ነጋ። በአንድ ከሰዓት ሦስት አራት ቀን እንዲህ አነጋን። ሁለት የአሉሚኒየም ቁራጭ በብሎን አያይዤ፣ ከትምህርት ቤት የማዕዘን መለኪያዋ ዲግሪ ገልብጬ፣ የጉልበት መለኪያ ሠራሁ። ሐኪም ቤት እግሯን የምታሠራት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በራሷ የፕላስቲክ መለኪያ ለካች፣ እኔ በእኔ ለካሁ፤ ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ አንድ። ከየት ገዛኸው አለችኝ።

ጨዋታው ቀን ይቆጥራል፤ ሰባት ሲሞላም አዲስ ሳምንት ብሎ ያውጃል። እኔ እንግዲህ ቀን ከተቆጠረ ሰባተኛው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰባተኛው ቀን ሲደርስ ሽማግሌውን ካለበት አላንቀሳቀስኩትም።

«ሂድ እንጂ ሳባ፣ እርምጃ አለህ።»

«ሰንበት ነው።»

«ጨዋታ ውስጥ ሰንበት የለም!»

«ቀን ካለ ሰንበት አለ። እሱም ይረፍ፣ ጉልበትሽም ይረፍ።»

ያለ ማጠፍ ሰዓቱን ተጫንኩላት። በዚህ ብዙ አልተከራከረችም። ሽማግሌው ሲያርፍ የአስማት ኃይሉ የሚቀመጥባት ሰማያዊ ጠርሙስ ሞልታ ማደሯን አይታለች፤ ሳይዘምት ያረፈ ጠንቋይ መብረቅ ያወርዳል። እኔ ግን ለጠርሙሷ ብዬ አልነበረም።

የጎዳን ብረቱ ነው። ጠንቋዮቹ ከተማ ውስጥ የብረት ሰዎች ተቀጥቅጠው የሚሠሩበት ምድጃ አለ። እሷ አስማት የሚጠናበትን መጽሐፍ ቤት አስቀድም ትለኛለች፤ እኔ ምድጃውን ካየሁ በኋላ ማን ያዘኛል። እሳቱ ሲንቀለቀል፣ መዶሻው ሲወርድ የአባቴ ጎጆ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ወርቁን ሁሉ ብረት ሰው አደረግሁት። በጦርነት ማንም አይጥላቸውም፤ ግን ዘገምተኞች ናቸው፤ ሠራዊት ደግሞ የሚሄደው በዘገምተኛው እርምጃ ነው። ይህንን ኦርሊ በሦስተኛው ሳምንት ነገረችኝ። እኔ አልሰማሁም።

በስምንተኛው ሳምንት መጨረሻ ጠላት ከተማ በር ላይ ደረስን። በሩና እኛ አንድ እርምጃ ነው ያለን። ቀኑ ሃምሳ ስድስተኛው፣ የመጨረሻው። ቆጠርነው። ሰንበት ነው።

ኦርሊ ዞራ አየችኝ። ጉልበቷ ያን ጊዜ ስልሳ ስምንት ዲግሪ ደርሷል። ከመስኮቱ ውጭ የለውዝ ዛፎቹ ማበብ ጀምረዋል።

«ፒኩዋህ ኔፌሽ ነው፣ ሳባ» አለች። ነፍስ ለማዳን ሰንበት ይሻራል ማለቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ተምራለች። «ልጁ ድንጋይ ይሆናል።»

ክርክሯ ጥሩ ነበር። ሌላ ከተማ ለሚኖሩት የቤተ እስራኤል ቄሳችን ደወልኩ፣ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌ። ሰላምታውን ጨርሰን ጉዳዩን አስረዳኋቸው።

«ሰውየው አይሁዳዊ ነው?» አሉኝ።

«ጠንቋይ ነው።»

«ለጠንቋይ ነው ስለ ሰንበት የምትጠይቀኝ?»

«ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ቄስ።»

«የታሰረውስ ልጅ?»

«እሱም ኮምፒውተር ውስጥ።»

«ሰውየውን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«እንግዲህ ማክሰኞ ምን ከለከለህ፣ እንደፈለግህ ተጫወት። ኃጢአት የለብህም» አሉ። ኦርሊ እጇን ልታጨበጭብ አነሳች። ቄሱ ግን አልጨረሱም። «ይሁንና ሰንበት ነው ብለህ ሰባት ሳምንት ያሳረፍካት አንተ ነህ። አሁን ስለምትሸነፍ ብቻ ሰንበት አይደለም ብትላት ልጅቱ ምን ትማራለች? እሱን እኔ አላውቅልህም። ደህና ዋል።»

ስልኩን አስቀመጥኩ። ማውሱን ለቅቄ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። ኦርሊ እንደማልነካው ሲገባት ራሷ እጇን ዘርግታ የአሸዋ ሰዓቱን ተጫነች። ልጁ ድንጋይ ሆነ። ስክሪኑ ጠቆረ።

«ከዛሬ ጀምሮ አላጥፍም» አለች፣ በአማርኛ፣ እኔ እንዲገባኝ።

ሁለት ቀን አላናገረችኝም፣ አላጠፈችምም። በሦስተኛው ቀን ስለካ ስልሳ ስምንት የነበረው ስልሳ አራት ሆኗል። ድጋሚ ለካሁ፤ መለኪያዬ አይሳሳትም። አልማዝ ከሥራ መጥታ ቁጥሩን ስትሰማ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣

«አባዬ፣ ለኮምፒውተር ሰው ሰንበት ሲያከብሩ የልጄን እግር በቢላ ሊያስከፍቱት ነው?» አለችኝ።

ልጄ እንደዚያ ተናግራኝ አታውቅም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ብቻዬን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ግዳጁን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ኦርሊ ሶፋው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። አስተዋልኩ፤ መለከቱ ሲነፋ ጆሮዋ ቆመ። ምድጃው ጋ ደረስኩ። እሳቱን ትንሽ አየሁትና መጽሐፍ ቤቱን አሠራሁ።

«ምን ሠራህ?» አለች ሳትዞር።

«መጽሐፍ ቤት።»

«ብረቶቹስ?»

«ከተማ ይጠብቁ። አንድም አይዘምትም።»

ዞረች። «አንድም? በእውነት?»

«በእውነት።»

«ሰንበቱንስ?»

«ሰንበቱን አልተውም፣ ኦርሊ።»

ደብተር አምጣልኝ አለችኝ፣ አመጣሁ። ያለ ብረት በቀን ስንት እርምጃ እንደሚተርፈን፣ ስምንት ሰንበት ሲቀነስ ስንት ቀን እንደሚቀር በሠንጠረዥ ሠራችው። ሒሳብ ከእኔ ትችላለች አልልም፤ ሠንጠረዡ ግን የእሷ ነው።

«ይደርሳል» አለች። «ለጥቂት። ግን ይደርሳል።» ከዚያ እግሯን ከሶፋው አወረደች። «ቁጠር።»

«ራስሽ ቁጠሪ።»

«አንድ» አለች።

በሁለተኛው ዙር ጉዞው ሌላ ነበር። ቀላል ሠራዊት ይዘን በበረዶው ላይ በረርን። እሷ መንገዱን ትመርጣለች፣ እኔ ውጊያውን እመራለሁ። ጭጋግ መቼ እንደሚለቀቅ፣ መብረቅ ለማን እንደሚቀመጥ ከእኔ የሚበልጥ አልነበረም። አንዳንድ ቀን አሥሩ አልበቃት ብሎ አሥራ አምስት ታጥፍ ነበር፣ ሽማግሌው ይሞቀው ብላ። ሰባ አምስት ዲግሪ፣ ሰማንያ፣ ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ ስድስት ላይ አንድ ሳምንት ቆመ፣ አልቅሳም ነበር፣ እኔም ወደ በረንዳ ወጣሁ። ከዚያ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

ለፑሪም ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የጠላት በር ላይ ደረስን። ሃምሳ አምስተኛው ቀን፣ ስምንተኛው ሳምንት፣ ዓርብ። ውጊያው ከባድ ነበር። በመጨረሻ የቀሩን አራት ጺማም ጠንቋዮችና በጠርሙሷ ውስጥ ለአንድ መብረቅ የሚበቃ ኃይል ነው። ኦርሊ አሁን አለች፣ እኔ ቆይ አልኩ። አሁን አለች፣ ቆይ አልኩ። የጠላት አለቃ ወደ ፊት ሲመጣ መብረቁን ለቀቅሁት። በሩ ተከፈተ። ልጁ ከድንጋይ ክፍሉ ወጥቶ ሽማግሌውን እጅ ነሳ። ኦርሊ አልጮኸችም። ራሷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው።

በማግስቱ እውነተኛው ሰንበት ነበር፣ ሁላችንም አረፍን። እሑድ ሐኪሙ ጋ ሄድን። ለካ፣ እንደገና ለካ፣ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ከፊቱ ገፋ አድርጎ «ኒቱዋህ አያስፈልግም» አለ። ቤት ውስጥ ምን ስታደርጉ ነበር ብሎ ጠየቀ። ኦርሊ በዕብራይስጥ ነገረችው፤ ሳባዬ ጠንቋይ ነው አለችው። አላረምኳትም።

በዚያ ክረምት የሠራሁት እንግዲህ ይህ ነው።

አራት ጊዜ የተሸነፈችበትን ግዳጅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፌ፣ ቋንቋውን ሳላውቅ ጨረስኩ።

በሁለቱም ዙር አንድም ሰንበት አልሻርኩም።

ከብረት ጋር ተለያይቼ ስምንት ሳምንት ዘመትኩ፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው።

የሐኪም መሣሪያ የሚያክል መለኪያ ከበረንዳ ፍርስራሽ አሉሚኒየም ሠራሁ።

አንዲት ልጅ በአማርኛ እስከ አሥር፣ ኋላም እስከ አሥራ አምስት ቆጠረች፤ አሥራ አራትን ትዘል ነበር፣ አረምኩት።

አርባ የነበረ ጉልበት ዘጠና አራት ደረሰ።

ከፑሪም በኋላ፣ ትምህርት ቤት በተመለሰችበት ጠዋት፣ አርባ ሁለቱን ደረጃ በራሷ እግር ወረደች። እኔ አንድ ደረጃ ከኋላዋ ነበርኩ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ። እስከ ታች ድረስ አልነካኋትም።